ማብራሪያ የለም

ድምፁ ከስፒከሩ ሲወጣ ሠላማዊት ከወረቀቷ ቀና አለች። እናቷን ያየቻት ያኔ ነው።

አሰበች በሩ አጠገብ፣ የታጠፈ ጆንያ ላይ ተቀምጣለች። ሻሿ በሰሊጥ ብናኝ ነጣ ብሏል። እሑድ በዚህ ሰዓት ከሌሎቹ ሴቶች ጋር ሰሊጥ ስታበጥር መሆን ነበረባት። የግጥም ንባቡ ወዳለበት መጋዘን አንድም ቀን መጥታ አታውቅም።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ» ይላል ድምፁ። «ደህና ነኝ። ገዳሪፍ ነው ያለሁት። ስልኬ ጠፍቶብኝ ነው እንጂ ረስቻችሁ አይደለም። ሰሊጡ ገባ? እኔ እዚህ ብዙም እንቅልፍ የለኝም። የእኔንም ጨምራችሁ ተኙልኝ።»

ሠላማዊት የቀረውን ግጥም እንዴት አንብባ እንደጨረሰች አታውቅም። ስትጨርስ ታዳሚው ጣሳውን እያነሳ ነቀነቀ። እዚህ ማጨብጨብ የለም። የሚገባ ሰው ሁሉ አንድ እፍኝ ሰሊጥ ያለበት የቲማቲም ጣሳ ይሰጠዋል፤ ግጥሙን ከወደደው ይነቀንቀዋል። ዛሬ ያልነቀነቀ አልነበረም። አሰበች ብቻ ጣሳውን ጉልበቷ ላይ እንዳስቀመጠችው ቀረች።

ከመጋዘኑ ወጥተው ሃያ እርምጃ እንኳ ሳይሄዱ የልጇን ክንድ ያዘች።

«የማበጠሪያው ማሽን ተበላሽቶ ለቀቁን። የልጄን ግጥም ልስማ ብዬ መጣሁ» አለች፤ ትንፋሿ ይቆራረጣል። «ወንድምሽ ነው አይደል? ጌጡ ነው? መቼ ነው የላከልሽ?»

ሠላማዊት ከጠዋት ጀምሮ አልተቀመጠችም። መጋዘኑን ጠርጋለች፣ ጆንያ አንጥፋለች፣ ጣሳ አጥባለች። ኅዳር ቢሆንም የቆላዋ ኮኪት ከተማ ፀሐይ አናት ይበሳል። እናቷ ዓይን ዓይኗን ታያታለች። «አይ፣ እሱ አይደለም» ለማለት አፏን ከፈተች።

«ሰሞኑን» አለች።

አሰበች መንገዱ ላይ ተንበርክካ መሬቱን ሳመች።

*

የመጋዘኑ ልጆች የሚባሉት ሰባት ናቸው። የሰበሰባቸው ደረበ ነው፤ ጎንደር ተምሮ ተመልሶ የሰሊጥ መጋዘን ጠባቂ ሆኗል። ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው፤ «ጋሽ ደረበ» ሲሉት ደስ አይለውም። ጣሪያው ስለሚያፈስ እህል የማይገባበትን አሮጌ መጋዘን ከባለቤቱ ለምኖ ወሰደ፤ በየአሥራ አምስት ቀኑ እሑድ ከሰዓት ግጥም ያነቡበታል።

ግጥማቸው ትምህርት ቤት እንደሚጠናው አይደለም። አንዷ የሰሊጥ ነዶ መውቂያ ዱላ መሬት ላይ እየመታች ታነባለች። ሌላው የጭነት መኪኖች ላይ የተጻፉ ጥቅሶችን ብቻ ሰብስቦ ግጥም ሠርቷል። ሁለት ሆነው፣ አንዱ በዐረብኛ አንዱ በአማርኛ፣ እኩል ያነበቡበት ጊዜም አለ። አቶ ይስማው የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ አንድ ቀን ገብተው እስከ መጨረሻው ሰሙና «ጣሪያችሁ ያፈሳል፣ ግጥማችሁ ቤት አይመታም፤ ተስማምታችኋል» ብለው ወጡ። ከዚያ ወዲህ አንድም ንባብ አልቀሩም።

ግድግዳው ላይ በከሰል የተጻፈ ሕግ አለ፦ «ማጨብጨብ የለም። ማብራሪያ የለም።» ገጣሚው ከማንበቡ በፊትም ሆነ በኋላ ስለ ማን እንደጻፈ፣ ምን ለማለት እንደፈለገ አይናገርም። ሰሚው የሰማውን ይዞ ይሄዳል።

ሠላማዊት ይህን ሕግ ትወደው ነበር። ማብራራት ይደክማታል። ወንድሟ ሥራ ፍለጋ ድንበር ከተሻገረ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። እዚያ ጦርነት ከተነሳ ወዲህ አልደወለም። ሰው ባገኛት ቁጥር «ጌጡ ደወለ?» ይላታል፤ አልደወለም ስትል ደግሞ ለምን እንዳልደወለ ያስረዳታል። አንድ ቀን ትምህርት ቤት ተቀምጣ ድምፁን ለማስታወስ ሞከረች፤ አልመጣላትም። ዐሥራ አምስት ዓመት ሙሉ አብራው አንድ ቤት ያደረችው ሰው ድምፅ ጠፋት ማለት ነው። በዚያው ዕለት፣ ቢደውል ይላል ብላ ያሰበችውን ጻፈች። የሰው ድምፅ በማስመሰል የሚታወቀው የክፍሏ ልጅ ባንተአምላክ እንደ ጌጡ ሆኖ አንብቦ ስልኳ ላይ ቀዳላት።

እናቷ ትሰማዋለች ብላ አልነበረም።

*

ሰኞ ጠዋት ሠላማዊት ስትነቃ አሰበች ተኝታ ነበር።

እንዲህ ሆኖ አያውቅም። አሰበች ጎህ ሳይቀድ ተነስታ በሩ ላይ የምትቀመጥ ሴት ናት፤ ስልኳን ጭኗ ላይ አድርጋ። ዛሬ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ እግሯ ላይ ደርሳለች፤ እሷ አፏን በትንሹ ከፍታ፣ አንድ እጇን ከፍራሹ ውጭ ጥላ ተኝታለች። ሠላማዊት ለትምህርት ቤት ልብሷን ስትቀይር ዕቃ ብታንኳኳም አልሰማቻትም።

«የእኔንም ጨምራችሁ ተኙልኝ» ብላ የጻፈችው ራሷ ናት። በሩን ቀስ ብላ ዘግታ ወጣች።

«አታካብጂ» አላት ባንተአምላክ በእረፍት ሰዓት፣ አጥሩ ጥላ ሥር። ብስኩቱን ለሁለት ከፍሎ ትልቁን ሰጣት። «ተኛች አይደል? በቃ! እኔ እናቴን ለማስተኛት ሦስት ዓመት ሙሉ አንደኛ መውጣት አለብኝ። አንቺ በአርባ ሰከንድ አስተኛሻት።»

«አልቀለድኩም።»

«እኔም አልቀለድኩም።» ብስኩቱን አኘከ። «ቆይ፣ ብትነግሪያት ምን ታተርፊያለሽ? እሱ እንደሆነ አንድ ቀን ይደውል ይሆናል።»

«ባይደውልስ?»

ባንተአምላክ የብስኩቱን ፍርፋሪ ከእጁ አራገፈ። «ሌላ መቅዳት ከፈለግሽ ግን...» ብሎ ጀመረ፤ ፊቷን ሲያይ ተወው።

ማክሰኞም ረቡዕም እናቷ ከሥራ ስትመለስ እግሯን እንኳ ሳትታጠብ «እስቲ አሰሚኝ» ትላለች። ሠላማዊት ስልኩን ትከፍታለች። አሰበች ዓይኗን ጨፍና ትሰማለች፤ ከዚያ አንድ ነገር ትናገራለች።

«ድምፁ ወፈር ብሏል» አለች ማክሰኞ። «ትልቅ ሰው ሆነብኝ።»

ረቡዕ ደግሞ «እማዬ አለኝ» አለች። «ከልጅነቱ ጀምሮ አሱ ነው የሚለኝ። ሰው አገር ሲኖር ቁልምጫውም ይጠፋዋል መሰለኝ።»

ሠላማዊት አሱ የሚለውን ረስታው ነበር። ስትጽፍ ትዝ አላላትም። እናቷ የእሷን ስህተት በልጇ ናፍቆት ስታቃና፣ ስልኩን ገልብጣ ፍራሹ ላይ አስቀመጠችው።

*

ሐሙስ ደረበን መጋዘኑ በር ላይ አገኘችው። ወንበሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ ኮፍያውን ዓይኑ ላይ ደፍቶ ነበር።

«የአንቺን ግጥም ሰዎች ደግማ ታንብበው እያሉኝ ነው» አላት። «ከጎንደር የሚመጡም አሉ።»

«ማብራሪያ የለም ያልከው ለምንድን ነው?» አለችው።

ኮፍያውን ከፍ አድርጎ አያት። «ምን ሆነሻል?»

ነገረችው። እስክትጨርስ ሳያቋርጣት ሰማት። ከዚያ ወንበሩን ወደ መሬት መለሰ።

«እኔ ጎንደር ስማር» አለ ቀስ ብሎ፣ «አንድ ግጥም ባነበብኩ ቁጥር ምን ለማለት ነው እያሉ አደከሙኝ። ስመልስላቸው ግጥሙ አለቀ፤ መልሱን ይዘው ሄዱ። ሕጉን የጻፍኩት ለዚህ ነው። እናትሽ እዚህ ትቀመጣለች ብዬ አላሰብኩም።» ግድግዳው ላይ ያለውን ጽሑፍ ዞሮ አየ። «ምን እንደምልሽ አላውቅም፣ ሠላማዊት። አውቃለሁ ብልሽ እዋሻለሁ።»

የምትፈልገው ሌላ ነገር ነበር። ግን አልተቀየመችውም፤ እሱም ደክሞታል።

*

ቅዳሜ አሰበች ከሥራ ቀርታ የጌጡን ሰማያዊ ሸሚዝ ከሻንጣ አወጣች። አጥባ፣ አድርቃ፣ አጥፋ ፌስታል ውስጥ ከተተችው። የተቆላ ሰሊጥም በትንሽ ላስቲክ ቋጠረች።

«መተማ ዮሐንስ እንሂድ» አለች። «ዘሀቢያ ጋ።»

ዘሀቢያ ጦርነቱን ሸሽታ የመጣች ሻይ ሻጭ ናት፤ መተማ ዮሐንስ፣ ወደ ድንበሩ በሚወስደው መንገድ ዳር በሸራ ጥላ ሥር ትሠራለች። ልጇ ዑበይዳ ወዲህና ወዲያ እየተመላለሰ ዕቃ ያሻግራል። ዘሀቢያ ከመጣች ወዲህ አሰበች ጠይቃት ያልመለሰችላት ጥያቄ የለም።

ሚኒባሱ ሞልቶ ነበር። አሰበች ፌስታሉን ጭኗ ላይ በሁለት እጇ ይዛ፣ የማታውቀውን ሰው ሁሉ እያየች ፈገግ ትላለች። ሠላማዊት በመስኮቱ ታጭዶ ያለቀውን የሰሊጥ እርሻ ታያለች። በየቦታው የቆሙ የነዶ ክምሮች አሉ። ኪሎ ሜትሩ በረዘመ እያለች ትመኛለች፤ ደግሞ ቶሎ ደርሰን በተገላገልኩም ትላለች።

«አሰበች! አሀለን!» ዘሀቢያ ከሩቅ ተጣራች። እጇን በተጠቀለለችበት ቶብ ጫፍ አደራርቃ ሳመቻቸው። «ምንድን ነው ፊትሽ? ወጣት ሆነሻል እኮ!»

«ልጄ ተገኘ» አለች አሰበች።

ሻዩ ተቀዳ። ሠላማዊት ስልኩን ከመክፈት ሌላ ምርጫ አልነበራትም። ዘሀቢያ ጆሮዋን አስጠግታ እስከ መጨረሻው ሰማች፤ እንባዋ መጣ።

«ገዳሪፍ» አለች። «አልሐምዱ ሊላህ። ገዳሪፍ ሰው አለኝ። ዑበይዳ!»

ዑበይዳ ከመንገዱ ማዶ ጭነት እያሰረ ነበር። ገመዱን ትቶ መጣ። ረጅም፣ ቀጭን ልጅ ነው፤ ከጌጡ በአንድ ዓመት ቢበልጥ ነው። እናቱ በዐረብኛ በፍጥነት ነገረችው። ራሱን ነቀነቀ።

«እኔ እዚሁ ድንበሩ ማዶ፣ ጋላባት ድረስ ብቻ ነበር የምሄደው» አለ በአማርኛ፣ ለአሰበች። «ግን ግድ የለም፣ ማማ። ገዳሪፍ እገባለሁ። የሰሊጥ ገበያው ጋ እጠይቃለሁ። ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን።»

«መንገዱስ?» አለች አሰበች።

ዑበይዳ ትከሻውን ሰበቀ። ዘሀቢያ ግን ፊቷን ወደ ምድጃው አዞረች፤ የማያስፈልገውን ከሰል ማራገብ ጀመረች።

ሠላማዊት ያን ማራገብ አየች። ይህች ሴት ከዚያ መንገድ ልጇን ይዛ የወጣች ናት፤ አሁን ባንተአምላክ ለቀዳው ድምፅ መልሳ ልትልከው ነው። 

አሰበች ፌስታሉን ለዑበይዳ ሰጠችው። «ሸሚዙን ሲያየው ያውቀዋል። እናትህ ትተኛለች በለው። ጌጡ፣ አሱ ትተኛለች በለው።»

«እሺ፣ ማማ» አለ ዑበይዳ። ፌስታሉን እጁ ላይ ጠምጥሞ ወደ መኪናው ዞረ።

ሠላማዊት ተነሳች።  የሻዩ ብርጭቆ ሳትነካው ሸራው ሥር ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

«ዑበይዳ» አለች። «ቁም። ፌስታሉን መልስልኝ።»

ዞሮ አያት። አሰበችም፣ ዘሀቢያም አዩዋት። ፌስታሉን ተቀበለችው። ካሰበችው ይቀላል፤ አንድ ሸሚዝና አንድ እፍኝ ሰሊጥ ነው።

«ምን ሆንሽ?» አለች እናቷ። «ልጁ ይሂድ እንጂ፣ ሳይመሽበት!»

ሠላማዊት ከፊቷ ቁጭ አለች፤ ጉልበቷ ከእናቷ ጉልበት እስኪነካ ወንበሩን ሳበችው። ስልኩን አውጥታ መሃላቸው አስቀመጠች፤ ግን አልከፈተችውም።

«እማዬ» አለች። «ያ ግጥም ማብራሪያ አለው።»

«በኋላ ትነግሪኛለሽ፣ ቤት ስንገባ...»

«አይ» አለች ሠላማዊት። የእናቷን እጅ ያዘች፤ ሰሊጥ ሲያበጥር የኖረ ሻካራ እጅ ነው። «አሁን ነው የምነግርሽ።»