ሜሜ ሎይዴ ይዘውት የሄዱት

ይህን የምነግራችሁ እንድታምኑኝ ብዬ አይደለም። የሚያምን ይመን፤ የማያምን ይለፈው። እኔ ግን በዓይኔ አይቻለሁ... በጆሮዬም ሰምቻለሁ።

ሰዓቱ ጎህ የሚቀድበት ነበር። ቦታው ላንግስትራንድ፣ ከዎልቪስ ቤይ ወደብ ወጣ ብሎ ያለው የባሕር ዳርቻ። ከፊት ውቅያኖስ፣ ከኋላ የአሸዋ ተራራ። መሃል ላይ እኔ የምሠራበት የእንግዳ ማረፊያ አለ።

ሄልቪ እባላለሁ። ክፍል አጸዳለሁ፣ አንሶላ እቀይራለሁ። የምኖረውም እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ከጓሮ ባለችው የሠራተኛ ክፍል ነው።

እጮኛዬ ሃፈኒ የዓሣ መርከብ ላይ ይሠራ ነበር። አንድ ቀን ከወደቡ ወጡ...

አልተመለሱም።

መርከቧ ላይ የአገራችን ልጆች ነበሩ። አንጎላውያን ነበሩ። ከባሕር ማዶ የመጡ፣ በዕድሜ የገፉ መርከበኞችም ነበሩ። ባሕሩ የአንዳቸውንም ሬሳ አልመለሰም።

ሬሳ ያልተገኘለት ሰው ለቅሶው አያልቅም። ዛሬም በር ሲንኳኳ ልቤ ቀድሞኝ ይነሣል።

ብርዱ ሲጠና የሃፈኒ እናት ሜሜ ሎይዴ ከሰሜን መጡ። እኛ ዘንድ እናትን "ሜሜ"፣ አባትን "ታቴ" ነው የምንለው። አንድ ጆንያ የገንፎ ዱቄት ተሸክመው ከሚኒባሱ ወረዱ።

ዘበኛችን ታቴ ኤራስቱስ ቀልድ አያልቅበትም።

"ሜሜ፣ ለመዋኘት ነው የመጡት?" አላቸው።

"ልጄን ልወስድ ነው" አሉት።

ታቴ ኤራስቱስ ባርኔጣውን አወለቀ። ጆንያውን ተቀብሏቸው ወደ ክፍሌ ሄደ።

ሜሜ ሎይዴ ባሕር አይተው አያውቁም። ከብት ያረቡ ሴት ናቸው። ውሃውን በእጃቸው ጨልፈው ቀመሱና ተፉት። ከብት የማይጠጣውን ይህን ሁሉ ውሃ እግዜር ለምን ፈጠረው ብለው ጠየቁኝ። ሳቅሁ። ሳቄ ግን መሃል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረብኝ። እሳቸው አላለቀሱም። ጀርባዬን ብቻ ይዳብሱኝ ነበር።

ከዚያ የመጡበትን ነገሩኝ። ያልተቀበረ ሰው የሞተበት ቦታ ቆሞ ይቀራል አሉ። እናቱ ጎህ ሲቀድ በስሙ ከጠራችው ይከተላታል። ግን ወደ ኋላ ዞሮ ማየት የለም። ቤቱ እስኪገባ ድረስ ሌላ ሰው ስሙን መጥራትም የለም። ከተጠራ ይመለሳል።

"በተለይ አንቺ" አሉኝ። "አንቺ ከጠራሽው እኔን ትቶ ላንቺ ነው የሚመለሰው። አውቀዋለሁ ልጄን።"

በማግሥቱ ጠዋት ወደ ባሕሩ ወረድን።

ጉሙ ወፍራም ነበር። እጄን ብዘረጋ ጣቴ አይታየኝም። የማዕበሉ ድምፅ ብቻ...

"ሃፈኒ" ብለው ተጣሩ። ቀስ ብለው። ከብት ጠብቆ የዋለን ልጅ ለእራት እንደመጥራት።

ምንም የለም።

ደግመው ጠሩት።

አሁንም የለም።

ሦስተኛውን ሲጠሩት... ማዕበሉ ጸጥ አለ።

ውቅያኖስ ጸጥ ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ እዚህ ስኖር ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ከዚያ ከኋላችን...

ቸብ... ቸብ... ቸብ...

እርጥብ እግር በእርጥብ አሸዋ ላይ።

ሜሜ ሎይዴ እጄን ጨብጠው ወደ ቤት መራመድ ጀመሩ። ናፍጣ ሸተተኝ። ቅዝቃዜው ማጅራቴ ላይ አረፈ። ይህን ሁሉ ጊዜ ያለቀስኩለት ሰው አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበር። ስሙ ምላሴ ላይ መጣ...

"አትጥሪው" አሉኝ በሹክሹክታ።

"አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሜሜ..."

"እዚህ ከቀረ ሲበርደው ይኖራል። ልቀቂልኝ፣ ልጄ።"

ከንፈሬን ነከስኩ። ደም ደም እስኪለኝ።

ክፍሌ ስንደርስ ገንፎ አገንፍተው ከባዶው ወንበር ፊት አቀረቡ። ዞር ብለን ቆየን። ስንመለስ ወንበሩ ረጥቧል። ከሥሩ ውሃ ይንጠባጠባል።

ገንፎው አልተነካም።

ሃፈኒ እኮ ስለ እናቱ ገንፎ ምራቁን እየዋጠ ነበር የሚያወራልኝ። ድስቱን የሚጠርግ ሰው...

"አልበላም" አልኳቸው።

"ደክሞታል" አሉ። ሳህኑን በፍቅር ከደኑት።

ረፋዱ ላይ ወደ ሰሜን የሚሄደው ሚኒባስ መጣ። ሜሜ ሎይዴ ለራሳቸውና ለጎናቸው ቦታ ያዙ። ሾፌሩ ሌላው ተሳፋሪ የታለ ሲላቸው እየመጣ ነው አሉት። መጀመሪያ በሩን ይዘው ጠበቁ፤ ከዚያ ገቡ። ሚኒባሱ ሰው የገባበት ያህል ጎንበስ ሲል አየሁ።

እኔ ውጭ ቆምኩ። በመስኮቱ በኩል ባዶ መቀመጫ ይታየኛል። ከዚያ ወዲያ ሜሜ ሎይዴ፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣምረው።

ቀስ በቀስ የመስኮቱ መስታወት ከውስጥ ጉም ለበሰ። ሰው የተነፈሰበት ይመስል...

ከዚያ እጅ መጣ።

መስታወቱን ጠረገው። አንድ ጊዜ። ቀስ ብሎ።

የሃፈኒን እጅ አውቀዋለሁ። ቀጭን ነው፣ ጣቶቹ ረጃጅም ናቸው። ስንት ምሽት እጄ ውስጥ ይዤው አምሽቻለሁ።

ይህ እጅ ሰፊ ነበር። ያረጀ። ጀርባው ላይ በሰማያዊ ቀለም መልሕቅ ተነቅሶበታል።

የሃፈኒ አልነበረም።

አፌን ከፈትኩ። መስኮቱን ልደበድብ፣ አስወርዱት ልል...

ሜሜ ሎይዴ በተጠረገው መስታወት አዩኝና ፈገግ አሉ። ከመጡ ጀምሮ ፈገግ ሲሉ አይቻቸው አላውቅም ነበር። ያን ፈገግታ ሃፈኒ ከሳቸው ነው የወረሰው።

አፌን ዘጋሁ።

ሚኒባሱ ሄደ።

አሁን በየእሑዱ ይደውሉልኛል። ደህና ገባን አሉኝ። ከብቶቹ ትንሽ ይሸሹታል እንጂ ለምዷል አሉኝ። መኝታውን ከምድጃው አጠገብ አድርገውለታል። ዛሬም ጠዋት ደውለው ነበር።

"ሲተኛ ያወራል" አሉኝ። "ቋንቋው ግን አይገባኝም። ባሕሩ አስተምሮት ይሆን?"

"ይሆናል፣ ሜሜ።"

"አንድ ስም ይደጋግማል። የሴት ነው መሰለኝ። ያንቺ ግን አይደለም... ቅር እንዳይልሽ፣ ልጄ።"

"አይለኝም።"

ስልኩን ዘጋሁና ወጣሁ። ጉሙ ገና አልተገፈፈም ነበር። ወደ ባሕሩ ወረድኩ።

የኔው ሃፈኒ ገና እዚያ ባሕር ውስጥ ነው። እናቱ ወስጄዋለሁ ብለው እንቅልፍ ተኝተዋል። ከኔ በቀር የሚጠራው የለም።

"ሃፈኒ" አልኩ።

ማዕበሉ ጸጥ አለ።

በዚህኛው ጠዋት ጀርባዬን አላዞርኩም። አሸዋውን እያየሁ ቆምኩ። ከውሃው ጫፍ ላይ አንድ የእግር ዱካ ታተመ። ሰው የለም... ዱካ ብቻ። ቀጥሎ ከጎኑ ሌላ። ከዚያም ወዲያ ሌላ።

በግራም በቀኝም፣ ጉሙ እስከሚያሳየኝ ድረስ፣ ባዶ እግሮች ጎን ለጎን ወደ እኔ መጡ። ሰፋፊ፣ ቀጫጭን፣ የሚያነክሱ...

የሱን ፈለግሁ። መለየት አቃተኝ።

እፊቴ ሲደርሱ ሁሉም ቆሙ። ዱካዎቹ ውስጥ ውሃ ሞላ።

አንዳቸውም ወደ ባሕሩ አልተመለሱም።