ሁለተኛው መስመር

«ከውድድሩ ውጪልኝ በቃ! ሁለታችንም ከቀረብን እኮ ጉልቤ ዘንድሮም የክፍል አለቃ መሆኑ ነው።»

ሳቂታ ይህን ስትላት የክፍል ጓደኛዋ ዝምታ እርሳሷን እየቀረጸች ነበር። እስከ አምና አንድ ዴስክ ላይ ነበር የሚቀመጡት። ዘንድሮ ሳቂታ ወደ መሀል፣ ወደ ጫጫታው ሄደች፤ ዝምታ መጨረሻው ዴስክ ላይ ከቦርሳዋ ጋር ቀረች። ከዛሬ በፊት ሳቂታ ካናገረቻት ሁለት ወር አልፎ ነበር።

ያለችው ግን እውነት ነው። አምናም ጉልቤን የማይፈልጉት ይበዙ ነበር፤ ድምፃቸው ለሁለት ተከፈለና እሱ አለፈ። ከዚያ ወዲህ የረባሾችን ስም የሚጽፈው እሱ ነው። ጓደኞቹ ዴስክ ላይ ቢጨፍሩም አያያቸውም፤ ዝምታ ግን ብታስል እንኳ ትጻፋለች።

«ደግሞስ አንቺ ማን ይመርጠኛል ብለሽ ነው?» አለች ሳቂታ፣ እየሳቀች።

ዝምታም ማወቅ የፈለገችው ይህንኑ ነበር። አለቃነቱ አላጓጓትም። ስሟን የሚጽፍ አንድ ሰው እንኳ ይኖር እንደሆነ ነው።

የሒሳብ አስተማሪው ምርጫውን ሊያስጀምር ሲገባ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ አንድ ነገር ልናገር?»

«ኧረ ዝምታ ተናገረች! ቀኑን መዝግቡልኝ!» አለ ጉልቤ። ክፍሉ ሳቀ።

«እናቴ ሱቅ ስትልከኝ፣ ዳቦ ከሌለ ብስኩት አምጪ ትለኛለች። እኛስ እንደዚያ ብንጽፍ? መጀመሪያ የምንፈልገውን፣ ከስሩ ደግሞ እሱ ካልሆነ ማን ይሁን እንደምንል። ከሁሉም ያነሰ ድምፅ ያገኘው ይወጣና ወረቀቶቹ ሁለተኛ ላይ ለተጻፈው ይሰጣሉ።»

«ታዲያ አንዳንዱ ሁለቴ ሊመርጥ ነው?» አለ ጉልቤ።

አስተማሪው በጠመኔ የነጣ ጣቱን እያሻሸ አሰበ። «ብስኩት ይዛ የገባችው ዳቦውን አላገኘችም እኮ። ድምፁ ያው አንድ ነው። እንሞክረው።»

ዝምታ ወረቀቷ ላይ መጀመሪያ የራሷን ስም ጻፈች። ሁለተኛው መስመር ላይ እርሳሷ ቆመ። የሳቂታ ሳቅ ከጆሮዋ አልወጣም። ባዶውን ትታ አጠፈችው። ወዲያው የጉልቤ የስም ዝርዝር ትዝ አላት። ወረቀቱን መልሳ ዘረጋችና «ሳቂታ» ብላ ጻፈች።

ጉልቤ አሥራ ስድስት። ሳቂታ አሥራ አራት። ዝምታ ስምንት።

ስምንት! የራሷ ሲቀነስ ሰባት። ከፊቷ የተደረደሩትን ጀርባዎች አንድ በአንድ አየች። የትኞቹ ይሆኑ? አንድም የዞረ የለም።

አስተማሪው የእሷን ወረቀቶች እያነሳ ሁለተኛውን መስመር አነበበ። ሰባቱ ለሳቂታ፣ አንዱ ለጉልቤ። ሃያ አንድ ለአሥራ ሰባት! ክፍሉ ተናወጠ። ሳቂታን ከበው አቀፏት፤ እሷም በሰው ትከሻ መሀል አንዴ ወደ ኋላ ያየች መሰለ፣ ከዚያ ተውጣ ጠፋች።

ደወሉ ተደውሎ ሁሉም ሲወጣ አስተማሪው ወረቀቶቹን ለዝምታ ሰጣት። «ቅርጫት ውስጥ ጣይልኝ፣ ልጄ።»

ስትጥል አንዱ ዓይኗን ያዘው። መጀመሪያው መስመር ላይ ስሟ በአረንጓዴ ተጽፏል። በክፍሉ በአረንጓዴ እስክሪብቶ የምትጽፍ አንዲት ልጅ ብቻ ነች፤ መስኮቱ ስር ብቻዋን የምትቀመጠው መነጽራም። አስተማሪዎቹ ተቆጥተው ተቆጥተው ትተዋታል። ዝምታ ወረቀቱን ከሌሎቹ ጋር ጨመረችው።

ከእረፍት መልስ ቦርሳዋን አንጠልጥላ መስኮቱ ስር ቆመች።

«ይቺ ቦታ ሰው አላት?»