የግራው አልቦ

እስከዚያ መጋቢት ድረስ ሁለቱ የብር አልቦዎች በቱኒዚያዋ የመህዲያ ከተማ፣ በላላ መብሩካ ቁም ሳጥን፣ በአንድ ነጭ ጨርቅ ተጠቅልለው ይቀመጡ ነበር። ላላ መብሩካ በሠርጋቸው ቀን፣ ከዚያም ወዲህ በየዘመዱ ሠርግ አድርገዋቸዋል፤ አንድ ቀን ደግሞ ልጃቸው ናርጂስ ታደርጋቸዋለች። ማንም መዝኗቸው አያውቅም። እኩል ናቸው ብሎ ግን ቤተሰቡ ሁሉ ያምን ነበር።

ናርጂስ ቱኒስ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የጌጣጌጥ ንድፍና ሥራ ትማር ነበር። የመጨረሻ ዓመቷ ነው። የመመረቂያ ሥራው፣ ከቤት የመጣ አሮጌ ጌጥ ዛሬ በሚደረግ መልክ መልሶ መሥራት ነበር። አንዱን አልቦ ለክንድ እንዲሆን ከፈት ልታደርገው አሰበች። እናቷ ሰንብተው እሺ አሉና፣ እንዳይቆረጥ፣ ሳይጎድልም ወደ ጥንዱ እንዲመለስ አስምለው የግራውን ሰጧት።

በመሥሪያ ክፍሉ አንድ ጠረጴዛና አንድ የጋዝ መበየጃ ለሁለት ተማሪ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ዘግይተው የደረሱት ናርጂስና ከገፍሳ ከተማ የመጣው ገሳን ስለነበሩ የተረፈውን ጠረጴዛ ተካፈሉ። ከዚያ ወዲህ አልቀየሩም። እሷ ስትሞርድ እሱ ሥራውን ያቆማል። እሷም ይህን ታውቃለች፤ አንዳንዴ ሞረዱን ያለ ምክንያት ታነሳለች። ትምህርት ሲዘጋ ወላጆቹን ልኮ ሊያስጠይቃት ተስማምተው ነበር።

ብር ሳይግል ከተከፈተ ይሰነጠቃል። ናርጂስ የእናቷን አልቦ ራሷ ማጋል ስለፈራች ነበልባሉን ገሳን ያዘላት። አሮጌ ብር ከመጋሉ በፊት መጋጠሚያው በቢላ ጫፍ ይፋቃል። ከሥር ለስላሳና ግራጫ ነገር ከታየ የእርሳስ ብየዳ ነው፤ እርሳስ ሲግል ብሩን ይበላዋል። ገሳን ሳይፍቅ ያጋለው አሮጌ ጌጥ የለም። ያን ቀን አልፋቀም። ናርጂስ ትከሻዋን ትከሻው ላይ አስደግፋ ቆማ ነበር።

ብሩ ደብዘዝ ያለ ቀይ ሆነ። ከዚያ ግራጫ ነጥብ ታየ፤ ነጥቡ ሰመጠ፤ አጠገቡ ሌላ ሰመጠ። እሳቱን ሲያነሳ አልቦው ላይ አውራ ጣት የሚያሳልፍ ቀዳዳ ነበር።

«ፍቀኸው ነበር?» አለችው።

«አልፋቅኩትም።»

ጠረጴዛ ቀየረች።

ገሳን እኔው ራሴ ሄጄ ለእናትሽ እነግራቸዋለሁ ሲላት ቀና ብላ አላየችውም።

«እናቴን አታውቃትም። አደራ ለሚያጎድል ሰው ልጇን አትሰጥም።»

«ሳልነግራቸው ቢሰጡኝስ ምን ዋጋ አለው?»

ዓርብ አብረው መህዲያ ወረዱ። ወደ ቤቱ የሚገባው በአባቷ በአሚ ቡባከር የሬዲዮ መጠገኛ ሱቅ በኩል ነው። ጠረጴዛው ላይ የብየዳ ሽቦ ጥቅል ነበር፤ እንጨቱ ላይ ደግሞ የደረቁ ግራጫ ጠብታዎች። ገሳን አንዱን በጥፍሩ ጫን አለው። ለስላሳ ነው። አሚ ቡባከርን አያቸው። እሳቸው ወደ ሬዲዮአቸው ጎንበስ አሉ።

ኩስኩሱ ከነዓሣው ከቀረበ በኋላ ገሳን አልቦውን አወጣ። ብየዳው ውስጥ እርሳስ እንደነበር፣ መጋጠሚያውን ፍቆ ማየት ሲገባው እንዳላየ፣ ጥፋቱም የእሱ እንደሆነ ተናገረ። ላላ መብሩካ ጣታቸውን በቀዳዳው አሳለፉ። ገፍሳ ውስጥ ብሩን ጥለው ቀዳዳውን ነው እንዴ የሚያጌጡበት ብለው ጠየቁት። ከዚህ በኋላ ለጥያቄ የሚመጣ ሰው ካለ አይድከም አሉ። ገሳን አንገቱን ደፋ።

ናርጂስ ጠብታዎቹን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃቸዋለች፤ ጥፍሩን ሲያሳርፍባቸውም አይታለች። ገሳን የአባቷን የሬዲዮ ብየዳ ጉዳይ ያነሳል ብላ ጠበቀች። አላነሳም። ያኔ ከእናቷ አጠገብ ተነስታ ከእሱ ጎን ተቀመጠች።

አሚ ቡባከር ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«እርሳሱ የኔ ነው፣ መብሩካ። በሠርጋችን ሳምንት በጨለማ ረግጬ ሰበርኩት። ተኝተሽ ነበር። በሬዲዮ ብየዳ ጠገንኩት።»

ላላ መብሩካ ወደ ባላቸው ዞሩ።

«የግራውን?»

«የግራውን።»

«ለካ ለዚህ ነው ሠላሳ ዓመት ሙሉ በውስጥ በኩል ሲፍቀኝ የኖረው! እግሬ ወፍሮ መስሎኝ፣ አንተ ሰው፣ በየድግሱ ጣፋጭ ስተው ነው የኖርኩት።»

ከዚያ የአባወራው ድርሻ የሆነውን የዓሣውን ጭንቅላት ከባላቸው ፊት አንስተው ገሳን ፊት አደረጉት። ብላ አላሉትም። እሱ ግን በላ።

የተበላው ብር ካልተቆረጠ እርሳሱ አይወጣም። ላላ መብሩካ እንዲቆረጥ ፈቀዱ፤ እንዲደፈን ግን አልፈለጉም፤ ቡባከር የሠራውን ሰው ሁሉ ይየው አሉ። ናርጂስ ወደ ድሮው ጠረጴዛ ተመለሰች። ገሳን ቆረጠ፤ እሷ የቀዳዳውን ዳር ሞረደች፤ እሱም ሥራውን አቁሞ አያት። የተመረቀችው በዚሁ አልቦ ነው። ከክንዷ አውልቃ ወደ ጥንዱ መለሰችው።

በተከታዩ ነሐሴ መህዲያ ውስጥ ተጋቡ። ሙሽራዋ ሁለቱንም አልቦዎች አደረገች። ገሳን ከሠርጉ በፊት መዝኗቸው ነበር፤ የግራው ከቀኙ በአሥራ አንድ ግራም ይቀልላል።