ከበሩ ጀርባ ያለው ድምፅ

«አንኳኳ! አንኳኳ አቦ፣ ምን ያንቀጠቅጥሃል!»

የዕረፍት ደወል ከመደወሉ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ግማሹ በአንድ ስልክ ዙሪያ ተጠቅጥቀው ነበር። ስልኩን የያዘው አዝመራ ነው። ስክሪኑ ድቅድቅ ጥቁር ሆኖ ከታች ሁለት ነጭ ቁልፎች ብቻ ያበሩበታል፤ አንደኛው «አንኳኳ»፣ ሁለተኛው «ተመለስ» ይላል። ሥዕል የሚባል ነገር የለውም። ጨዋታው በጆሮ የሚጫወቱት ነው። ጉም ውስጥ መንገድ የጠፋበት ተማሪ ሆነህ ትሰማለህ፣ ትመርጣለህ፤ የመረጥከውም ወደ ሌላ ምርጫ ይዞህ ይሄዳል።

መስከረም ከሁሉም ኋላ ቆማ ሳቋን አፍና ትመለከታለች። ከስልኩ የሚወጣው ድምፅ ሁሉ የእሷ የእጅ ሥራ ነው። አዝመራን አንገቱን ያስቀበረው ዝናብ፣ ሽምብራ በወንፊት ላይ እያንከባለለች የቀዳችው ነው። ኮቴው በአባቷ ቦቲ ጫማ ግቢያቸው ጠጠር ላይ የተመላለሰችው ነው። ነፋሱን በባዶ ጠርሙስ አፍ ላይ እፍ ብላ ነው ያመጣችው። ድምፅ ከመጣበት ቦታ ተነሥቶ ሌላ ቦታ ሲቀመጥ ሌላ ነገር የመሆኑ ነገር ሁልጊዜ ይደንቃታል። ሽምብራው ሽምብራ ነው፤ በጥቁር ስክሪን ሲሰማ ግን ሰው ኮቱን ይቆልፋል።

ታሪኩን የጻፈችው፣ ምርጫዎቹንም እርስ በርስ ያያያዘችው ጓደኛዋ ብሌን ናት። በዩኒቨርሲቲው ማራኪ ግቢ ኮምፒውተር የሚማር ወንድሟ የጨዋታ መሥሪያ ፕሮግራም አሳያት፤ ክረምቱን ሙሉ ሌላ ነገር አላየችም። ሁለቱ ጓደኛሞች በከፈቱት የቴሌግራም ቻናል ምዕራፍ በምዕራፍ ሲለቁት ከሌሎች ትምህርት ቤቶች ሳይቀር ተከታይ አፈራ። በመጪው ቅዳሜ ማራኪ ግቢ የወጣቶች ሥራ በሚታይበት ዝግጅት ላይ እነሱም ተጋብዘዋል። መስከረም የሂሳብ ፈተና ስለነበረባት የመጨረሻውን ምዕራፍ ብሌን ብቻዋን ጨርሳ ትናንት ለቀቀችው። መስከረም እስካሁን አልሰማችውም።

አዝመራ ዓይኑን ጨፍኖ «አንኳኳ»ን ነካው።

ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ዝምታ። ከዚያ ከጉድጓድ እንደሚወጣ ያለ፣ የተጎተተ የሴት ድምፅ፦ «ግቡ… ኧረ ግቡ… ደጅ ምን ያቆማችኋል…?» በሩ ሲጢጥ አለ። ወዲያው የጅብ ጩኸት ፈነዳ፤ ስክሪኑ ላይም «ሸክላ ሠሪዋ ጅብ ሆናለች! ሩጥ!» የሚል ቀይ ጽሑፍ ወጣ።

ልጆቹ በአንድ አፍ ጮኹ። አዝመራ ስልኩን ሊጥለው ምንም አልቀረውም። «በናታችሁ፣ ድጋሚ! ድጋሚ!» ይላል አንዱ። ሁለት ልጆች በአራት እግር እየሄዱ አንዲትን ልጅ ያሳድዷት ጀመር።

መስከረም ግን ደርቃ ቀረች። ድምፁን አውቃዋለች።

ባለፈው ሳምንት ለጨዋታው የሸክላ ድምፅ ሊቀዱ ከብሌን ጋር ከከተማ ወጣ ወዳለው የሸክላ ሠሪዎች መንደር፣ ወለቃ፣ ሄደው ነበር። መንገድ ዳር ማሰሮና ጀበና ደርድረው የሚሸጡት ወይዘሮ ይመኙሽ ምን ልትሠሩበት ነው ብለው ሲጠይቁ፣ ብሌን ፈጠን ብላ «ለትምህርት ቤት ነው እትዬ፤ ስለ ሸክላ ሥራ» አለቻቸው። መስከረም ግራ ተጋብታ ዝም አለች። ብዙ ሳይቆይ ዝናቡ ወረደ። ወይዘሮ ይመኙሽ ነጠላቸውን አናታቸው ላይ ጣል አድርገው ወደ ቤታቸው ሮጡና ከበራፉ ተጣሩ፦ «ግቡ፣ ኧረ ግቡ! ደጅ ምን ያቆማችኋል?» ከዚያ የተቀቀለ ድንች በጨው አቀረቡላቸው። የመስከረም ስልክ ያን ሁሉ ጊዜ እየቀዳ ነበር፤ የቀዳችውንም ማታውኑ ለብሌን ላከችላት።

ከትምህርት በኋላ ብሌንን ከአጥሩ ጥግ ያዘቻት።

«የእትዬ ይመኙሽ ድምፅ ነው።»

«አሪፍ አይደለም?» ብሌን ዓይኗ በራ። «አንቺ ባሳየሽኝ መንገድ ነው ያዘገየሁት። ትንሽ ማስተጋቢያ ጨመርኩበት። አየሽ አይደል አዝመራን?»

«ጅብ አደረግሻቸው እኮ።»

«እሳቸውን አይደለም፤ ገጸ ባሕርይዋን ነው። ማን ያውቃቸዋል?»

«እኔ አወቅኳቸው።»

ብሌን ቦርሳዋን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረች። «ስሚ፣ እኔ አይደለሁም የመረጥኩት። ከበሩ ጀርባ ማን ይሁን ብዬ ቻናሉ ላይ ድምፅ አሰጠሁ። ሽፍታ፣ መንፈስ፣ ሸክላ ሠሪ። ሸክላ ሠሪዋ በሰፊው አሸነፈች። ሰው የፈለገውን ነው የሰጠሁት።»

«ሦስቱን አማራጭ ማን ጻፈው?»

ብሌን ዓይኗን ወደ አጥሩ መለሰች። ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ ቡዳ ነው፣ ሲመሽ ጅብ ይሆናል የሚለውን ወሬ ሁለቱም ከልጅነታቸው ጀምሮ ሰምተውታል። አሁን አሁን ሰው እንደ ቀልድ ነው የሚያወራው።

«ከቅዳሜ በኋላ እንቀይረዋለን» አለች ብሌን በመጨረሻ፤ ድምፅዋ ለስለስ ብሎ። «እባክሽ መስኪ። ሦስት ቀን ቀርቶን ያለ መጨረሻው ምን እናሳያለን? እሳቸው እንደሆነ ስማርት ስልክ እንኳ የላቸውም። በፍጹም አይሰሙትም።»

መስከረምን የቆረቆራት ይህች የመጨረሻዋ ቃል ነበረች። ቤት ገብታ ምሳዋን በላች፤ የበላችው ግን ምን እንደሆነ አታውቀውም። ብሌን ልክ ብትሆንስ? ባይሰሙትስ ምን ይጎዳቸዋል? ደግሞ ቢሰሙት ምን ይሉ ይሆን? ይስቁ ይሆን? ይቆጡ ይሆን? ማወቅ ፈለገች። የጆሮ ማዳመጫዋን ኪሷ ከትታ ወደ ወለቃ የሚወጣ ሚኒባስ ውስጥ ገባች።

ወይዘሮ ይመኙሽ አንድ ያልደረቀ ማሰሮ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው በለሰለሰች ድንጋይ ሲወለውሉ አገኘቻቸው።

«ውይ፣ የድንቿ ልጅ!» አሉ ሳቅ ብለው። «ምነው ብቻሽን? ያች ጓደኛሽስ?»

«አልመጣችም፣ እትዬ። እኔ… አንድ ነገር ላሰማዎት ነው የመጣሁት። እርስዎም አሉበት።»

«እኔ? ስልክ ውስጥ?» ድንጋይዋን አስቀመጡ። «እስቲ አምጪው!»

መስከረም ከመጀመሪያው ልታስጀምራቸው ወሰነች። አንዱን ማዳመጫ ለእሳቸው ሰጥታ ሌላውን በራሷ ጆሮ ሰካች። ወይዘሮ ይመኙሽ ስክሪኑን ቢነኩት ቢነኩት አልሰማ አላቸው። ጣታቸው በጭቃ ተለብጧል። «ጭቃ ይንቃል እንዴ ይኼ?» ብለው በቀሚሳቸው ጠረጉና እንደገና ነኩት። ዝናቡ ሲጀምር ቀና ብለው ሰማይ አዩ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ከልባቸው ሳቁ።

«እንዴት ያለ ሸጋ ነገር ነው! ዝናቡን ከየት አመጣሽው?»

«ሽምብራ ነው፣ እትዬ። በወንፊት።»

«ሽምብራ!»

ጨዋታውን እንደ እሳቸው የተጫወተ ሰው መስከረም አላየችም። ጉሙ ውስጥ ሕፃን ሲያለቅስ ይሰማል፤ «ተከተል» ወይም «እለፍ» ይላል። ልጆች ሁሉ ወጥመድ ነው ብለው ያልፋሉ። ወይዘሮ ይመኙሽ ግን «ሕፃን እያለቀሰ ወዴት አልፋለሁ?» ብለው ተከተሉ። ብሌን ጽፋው ማንም ያልደረሰበትን መንገድ መስከረም ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ጣት ሲከፈት ሰማችው። ሴትዮዋ ጨዋታው በሳባቸው ቁጥር እየተጠጉ ትከሻቸው ከመስከረም ትከሻ ገጠመ። በሩ ጋ ደረሱ።

«አሁን ማንኳኳት ነው?» አሉ በሹክሹክታ፤ ድምፅ ካሰሙ የሚሰማቸው ያለ ይመስል።

«እትዬ… ከፈለጉ እዚህ ላይ ማቆም እንችላለን።»

«ምን ማቆም! ማን እንዳለ ሳላይ?» ነኩት።

ኳ፣ ኳ፣ ኳ። «ግቡ… ኧረ ግቡ…»

«እኔ ነኝ!» ወይዘሮ ይመኙሽ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። «የእኔ ድምፅ እኮ ነው! ምነው ታምሜ ነው እንዴ…» ጅቡ ጮኸ። ቀዩ ጽሑፍ ወጣ። ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ቀስ ብለው አነበቡት፤ ሁለት ጊዜ። ማዳመጫውን ከጆሯቸው አውጥተው መስከረም መዳፍ ላይ አኖሩት። ከዚያ ድንጋይዋን አነሡና ማሰሮውን መወልወል ቀጠሉ።

በመንገዱ የሸንኮራ አገዳ የጫነ ጋሪ አለፈ። 

«ይህን ሥራ ያስተማሩኝ ጎረቤቶቻችን ናቸው» አሉ ወይዘሮ ይመኙሽ ከማሰሮው ቀና ሳይሉ። «ቤተ እስራኤሎቹ። ዱሮ እነሱን ነበር ጅብ ይሆናሉ የሚሏቸው። እነሱ አገር ለቀው ሄዱ። ጭቃውም ስሙም ለእኛ ቀረ።» ማሰሮውን አዙረው፣ «ለትምህርት ቤት ነው አላላችሁኝም?»

«ብለናል።»

«አንቺ ታውቂ ነበር?»

«አላውቅም ነበር። ግን የቀዳሁት እኔ ነኝ። ብሌን ለትምህርት ቤት ነው ስትልዎትም ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።»

«ሰው ሁሉ ሰምቶታል?»

«ብዙ ሰው ሰምቶታል።»

ወይዘሮ ይመኙሽ እጃቸው ቆመ። «ሚስጥር የምትባል ልጅ አለችኝ። ከተማ ነው የምትማር፣ ሰባተኛ ክፍል። የአጎቷን አሮጌ ስልክ ይዛለች።» ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩዋት። «ሲመሽ ደጅ ስትቆይብኝ እሷንም እንዲሁ ነው የምጠራት። ግቢ፣ ደጅ ምን ያቆምሻል እያልኩ።»

 ስለ ቅዳሜ፣ ስለ ፈተናው፣ ሕዝቡ ስለ መረጠው አማራጭ መስከረም ልትናገረው ያሰበችው ሁሉ አፏ ውስጥ ሟሟ።

«መመለስ ይቻላል?» አሉ።

«ከቻናሉ ማጥፋት እችላለሁ። ሰዎች ስልካቸው ላይ ያወረዱትን ግን አልችልም።»

«እንግዲያ የምትችይውን አጥፊ።»

መስከረም መጀመሪያ ለብሌን ጻፈችላት፦ «ወለቃ ነኝ፣ እትዬ ይመኙሽ ዘንድ። ሰምተውታል። ምዕራፉን ላጠፋው ነው።»

መልሱ ወዲያው መጣ። «እንዳታደርጊው!!» ቀጥሎም፣ «ክረምቱን ሙሉ የለፋሁበት ነው እኮ መስኪ።»

እውነት ነው፤ ለፍታበታለች። መስከረም ብሌን በጠዋት ዓይኗ ቀልቶ ክፍል ስትገባ ታስታውሳለች። አውራ ጣቷ ስክሪኑ ላይ ተንጠልጥሎ ቆየ። አጠገቧ ድንጋይዋ በማሰሮው ላይ ሽው ሽው ትላለች። ያንን ድምፅ በሌላ ቀን ቢሆን በስስት ትቀዳው ነበር። ቁልፉን ነካችው። ስልኩ «ለሁሉም ይጥፋ?» ብሎ ጠየቃት። አዎ አለችው።

ለብሌን «ጠፍቷል» ብላ ላከችላት። ብሌን መጻፍ ጀመረች፤ ተወችው፤ እንደገና ጀመረች። መስከረም ስድብ ጠብቃ ነበር። የመጣው ግን ሁለት ቃል ብቻ ነው።

«ምን አሉሽ?»

መስከረም ልትመልስላት መጻፍ ጀመረችና መልሳ አጠፋችው። በጽሑፍ የሚሆን አልመሰላትም። «ነገ አብረን እንምጣና ራስሽ ስሚያቸው» አለቻት።

ፀሐይዋ ወደ ኮረብታው አዘነበለች። ወደ ከተማ የሚመለስ ሚኒባስ መጥቶ ቆመና ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ፒያሳ! ፒያሳ! አንድ ሰው!» አለ።

«ሂጂ እንግዲህ፣ እናትሽ ትጠብቅሻለች» አሉ ወይዘሮ ይመኙሽ። ድምፃቸው እንደ መጀመሪያው አልሞቀም፣ እንደ ድንጋይም አልቀዘቀዘም። «ሚስጥርም አሁን ትመጣለች።»

«እሷስ… ሰምታው ከሆነስ?»

«ከሰማችው እኔ እነግራታለሁ።»

ረዳቱ «ትሄጃለሽ አትሄጂም?» ብሎ ጮኸባት። መስከረም በሚኒባሱ በር ወደ ውስጥ አየች፤ አንድ ባዶ ወንበር አለ። ቢቀመጡበት ደስ የሚል፣ ማንም ምንም የማይጠይቅበት ወንበር።

«አልሄድም» አለችው።

ሚኒባሱ አቧራውን አልብሷቸው ሄደ። መስከረም ከማሰሮዎቹ አጠገብ ያለች ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ወይዘሮ ይመኙሽ አጠገባቸው የነበረውን የጭቃ ገንዳ ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው ለእግሯ ቦታ ለቀቁላት።

ሌላ ሚኒባስ ከከተማ በኩል ወጥቶ ከመንገዱ ማዶ ቆመ። ሰማያዊ ዩኒፎርም የለበሰች ቀጭን ልጅ ወረደች። አንድ ጆሮዋ ላይ ነጭ ማዳመጫ ተሰክቷል። እናቷን አየቻቸው፤ እንደ ሌላው ቀን ግን ሮጣ አልተሻገረችም። እዚያው ቆማ ታያቸዋለች።

መስከረም ተነሣች፤ ግራ ቀኝ አይታ መንገዱን መሻገር ጀመረች።