ምስጢርዎ የተጠበሰ ነው

«ቆይ፣ ቆይ፣ አትንገሪኝ!» አለች እናት፣ ጣቷን ወደ ክሊኒኩ በር ቀስራ። «ለ... ወ... ጣ... ቶች። ለወጣቶች! ም... ቹ። አየሽ ሚጡ? ራሴ አነበብኩት!»

ሚጡ አንገቷን ደፋች። አሥራ አምስት ዓመት ሞልቷትም እናቷ ይህን የሕፃንነት ስም በሰው ፊት መጥራት አልተወችም። የጎልማሶች ትምህርት ከጀመረች ወዲህ ደግሞ የሱቅ ስም ሆነ የሳሙና መጠቅለያ፣ ያገኘችውን ሁሉ ጮክ ብላ ታነባለች።

ዛሬ ግን ሚጡን ያስጨነቃት ሌላ ነገር ነበር። በየወሩ ሁለት ሦስት ቀን ሆዷን ይዛ ከትምህርት ትቀራለች። መጀመሪያ እናቷ ምን እንደሆነች ስትጠይቃት፣ «የወር አበባ» የሚለውን ቃል ማውጣት አፈረችና «ጨጓራዬን ነው» አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ፣ ይኸው ስድስት ወር፣ ቃሪያ የሚባል ነገር ቤት ገብቶ አያውቅም። አባቷ ሳይቀር ያለ ቃሪያ እየበላ የእሷን ጨጓራ አብሮ ይታመማል። የሚቀጥለው ሕመም የሚመጣው ደግሞ ልክ በፈተናው ሳምንት ነው። ዛሬ እውነቱን ካልተናገረች የጨጓራ መድኃኒት ይዛ ልትመለስ ነው። እንዳትናገር እናቷ አጠገቧ ናት።

የመጠበቂያው ክፍል በወጣቶች ተሞልቷል። የኳስ ማሊያ የለበሰች አንዲት ልጅ በፋሻ የተጠቀለለ እግሯን ወንበር ላይ ዘርግታለች። እናት ተቀመጠችና መነጽሯን አድርጋ የግድግዳውን ጽሑፍ ተያያዘችው።

«ም... ስ... ጢ... ር... ዎ። ምስጢርዎ! የ... ተ... ጠ... በ...» እዚህ ላይ ትዕግሥቷ አለቀና የቀረውን ገመተችው። «ምስጢርዎ የተጠበሰ ነው!»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ።

«ማዘር፣ ማን ጠበሰው?» አለች ባለ ማሊያዋ፣ እንባዋን እየጠረገች። «የኔን እስካሁን የጠበሰው የለም እኮ!»

«ምን አልኩ ደግሞ?» እናት ወደ ልጇ ዞረች።

ሚጡ ማፈር ፈልጋ ነበር፤ ሳቁ ቀደማት። «ከ‹ነው› በፊት ያለችውን ፊደል ደግመሽ እያት፣ እማ።»

እናት አንገቷን አሰገገች። «በ... ቀ። የተጠበቀ! ውይ በሞትኩት! አስተማሪያችን ‹አትገምቱ፣ አንብቡ› ሲለን ነው የሚውለው።» እሷም ሳቀች። ከዚያ ጽሑፉን በከንፈሯ ብቻ ደግማ አነበበችውና ሳቋን አቆመች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «የሚጠበቀው ከኔም ጭምር ነው እንዴ?» አለች።

ሚጡ ወደ ምርመራ ክፍሉ በር ተመለከተች።

«ልግባ ልግባ ይለኛል፤ ሆዴ አይችልም። ግን እንደተጻፈው ይሁን። እዚሁ ግድግዳውን ሳነብ እቆያለሁ።»

ተራዋ ደርሶ ብቻዋን ስትገባ ነርሷ፣ «ጨጓራ ነው ያልሽው? የት ጋ ነው የሚያምሽ?» አለቻት።

ሚጡ ከእምብርቷ በታች ጠቆመች።

«የኔ እመቤት፣ ጨጓራ እዚያ ድረስ አይወርድም» አለች ነርሷ ፈገግ ብላ። «በየወሩ ነው?»

ቃሉ ያኔ ወጣ። አንዴ ከወጣ በኋላ ሌላውም ተከተለ። ነርሷ ጠየቀቻት፣ መረመረቻት። ከትምህርት የሚያስቀር ሕመም ጥርስ ነክሶ የሚቻል እንዳልሆነ ነገረቻት። የሰጠቻትን የሕመም ማስታገሻ ክኒን መቼና እንዴት እንደምትወስድ አስረዳቻት፤ ቀኖቿን የምትመዘግብበት የታጠፈ ወረቀትም ሰጠቻት። «ከፈተናው በኋላ ተመልሰሽ ታሳዪኛለሽ። ለእናትሽ መንገር ያንቺ ፈንታ ነው፤ እኔ ትንፍሽ አልልም።»

ስትወጣ እናት ከወንበሯ ተስፈንጥራ ተነሳች። አፏ ላይ የደረሰውን ጥያቄ ሁሉ ዋጠችና፣ «ደህና ነሽ?» ብቻ አለች።

«ደህና ነኝ።»

ሚጡ ወረቀቱን ልትከት የቦርሳዋን ዚፕ ከፈተች። እናት ወረቀቱን አየችና ቶሎ ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። የሳሙና መጠቅለያ እንኳ ሳታነብ የማታልፍ ሴት፣ ዓይኗን ከፊደል አሸሸች።

ሚጡ ዚፑን መልሳ ዘጋችው። እናቷን እጇን ይዛ አስቀመጠቻትና ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው።

«አንብቢልኝ፣ እማ። በቀስታ። ደግሞ ሳትገምቺ።»

እናት መነጽሯን አስተካክላ ጣቷን የመጀመሪያው ፊደል ላይ አሳረፈች። «የ... ወ... ር...» ጣቷ ቆመ። ቀና ብላ ልጇን አየቻት። «ታዲያ ጨጓራው?»

«ጨጓራ አልነበረም።»

«አባትሽ እኮ ስድስት ወር ሙሉ... ቃሪያ...» እናት አፏን በመዳፏ ከደነች። ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል።

ሚጡ ተጠጋቻትና የእናቷን ጣት ወደሚቀጥለው ፊደል ገፋ አደረገችው።

«ቀጥይ። ገና አልጨረስሽም።»