ቆመው ያልጠበቁት ሰው

የኮምፒውተር ፕሮግራም ፈታሹን ሬሳ ከመሥሪያ ቤቱ የኋላ ደረጃ ሥር ያገኘችው የፅዳት ሠራተኛዋ ናት፤ የጠዋቱ ስብሰባ ካለቀ በኋላ። ክንዱ ላይ የጣት ምልክት ስላለ ተገፍቶ መውደቁ አላከራከረም።

መርማሪዋ ስትደርስ ፖሊሶቹ ፕሮግራም ጸሐፊዋን ሊወስዷት ተነስተዋል። ትናንት ከሟች ጋር ስትጨቃጨቅ ፎቁ ሁሉ ሰምቷል። የሠራችው ፕሮግራም የሕፃናትን የመድኃኒት መጠን ያዛባል ብሎ ወደ ሆስፒታሎች እንዳይላክ ይዞባት ነበር። እሷ ደግሞ ስህተት የለውም ባይ ናት።

«ጮኼበታለሁ እንጂ አልነካሁትም» አለች።

መርማሪዋ ቶሎ የማታምን፣ ቶሎም የማትከስ ሴት ነበረች። የቡድኑን ንድፍ ሠሪ ስለ ስብሰባው ጠየቀችው። በየጠዋቱ ክብ ሠርተው ይቆማሉ፤ እያንዳንዱ ትናንት የሠራውን፣ ዛሬ የሚሠራውንና የገጠመውን እንቅፋት ይናገራል። ነገሩ ለመረዳዳት የታሰበ ነበር፤ የቡድኑ መሪ ግን ችሎት አደረገው። እንቅፋት አለብኝ ያለ ሰው ስለሚዋረድ፣ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብለው ሁሉም «የለም» ማለት ለምደዋል፤ ከሟች በቀር። ያረፈደ ካለ ደግሞ እሱ እስኪመጣ ማንም አይናገርም፣ ማንም አይቀመጥም።

«ሟች ያረፍድ ነበር?»

«አመሉ ነው። ስንቴ እግራችን እስኪዝል ገትሮናል።»

«ዛሬስ?»

ንድፍ ሠሪው አሰብ አደረገ። «ዛሬ እንኳ ቶሎ ተቀመጥን» አለ።

መርማሪዋ የድርጅቱን ባለቤት ጨምራ ሁሉንም ሰበሰበች።

«ስብሰባው ሲጀመር ሟች አልነበረም፤ መሞቱም አልተሰማም። ታዲያ ለምን አልተጠበቀም?» ወደ መሪው ዞረች። «ሌላ ቀን ሰው የሚያስቆሙት እርስዎ ነዎት። ዛሬ ጀምሩ ያሉትም እርስዎ ነዎት።»

«አሞኛል ብሎ ደውሎልኝ ነው።»

«የሟች ስልክ እኔ ጋ ነው። ዛሬ ለማንም አልደወለም። እንደማይመጣ የሚያውቀው የገደለው ሰው ብቻ ነው። ሌሎቹ መቀመጫ ስላገኙ ደስ ብሏቸው ሳይጠይቁ ቀሩ።»

«ፕሮግራሙን ዛሬ አስረክባለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ» አለ መሪው። «ማልዶ እንዲመጣ ጠርቼ፣ ለዛሬ ብቻ እንቅፋት የለም በል ብዬ ለመንኩት። እምቢ ብሎ ሊሄድ ሲል ያዝኩት፤ ገፋሁት።»

ይዘውት ሄዱ። የድርጅቱ ባለቤት ጭንቀት ሌላ ነበር፤ «ፕሮግራሙስ መቼ ይደርሳል?» አለ።

ፕሮግራም ጸሐፊዋ ጠረጴዛዋ ጋ ተቀምጣ ሟች ደጋግሞ ሞክሪው ያላትን፣ እሷ ግን በእልህ ያልሞከረችውን ሞከረች። የአንድ ሕፃን ክብደት አስገባች። ማሽኑ ለአዋቂ የሚሰጠውን መጠን አወጣላት።

«በቃ ነፃ ነሽ እህቴ፤ ወደ ቤትሽ ሂጂ» አለቻት መርማሪዋ።

«በምን ፊቴ ልሂድ» አለች እንባዋ እየወረደ። «እውነቱን ነበር እኮ።»