ዶክተሩ የፈረደበት ፓምፕ

«የትራክተሩ የሃይድሮሊክ ፓምፕ ሞቷል» አለ መካኒኩ አባቷ፣ ካቻቪቴውን ከጆሮው እያነሳ። «ያለ ዘይት ነድተውት ነው።»

ደንበኞቹ «ዶክተሩ» ይሉታል። የካቻቪቴውን ጫፍ ማሽኑ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ያደርግና አዳምጦ ይፈርዳል፤ ይግባኝ የለም። የትራክተሩ ባለቤትም ይግባኝ አልጠየቀም። በዕድሜ አባቱ ሊሆኑ ወደሚችሉት ሾፌር ዞሮ፣ «ዕቃህን አውጣ፣ ቁልፉን ታስረክባለህ። ከዛሬ ጀምሮ አንተዋወቅም» አለና ስልክ ለማውራት ወደ በሩ ሄደ።

«በየጠዋቱ ዘይቱን አያለሁ እኮ» አሉ ሾፌሩ። አባቷ መፍቻዎቹን ወደ ሳጥኑ መመለስ ጀመረ። «ይሁን፣ ሆድ ይፍጀው» ብለው ዕቃቸውን ሊሰበስቡ ጋቢናው ውስጥ ገቡ።

ልጅቷ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ቆማ ይህን ሁሉ ሰማች። ደሟ ፈላ። ትልቅ ሰው እንዲህ ይባላል? ደግሞስ አባቷ የዘይቱን መለኪያ መች መዝዞ አየ? እሷ መዘዘችው።

«አባዬ፣ ዘይቱ ሙሉ ነው። አረፋም የለውም፤ አየር አልገባበትም።»

«ሂጂ የቤት ሥራሽን ሥሪ።»

አልሄደችም። «ጋሼ፣ እስቲ አንዴ ያስነሱልኝ» ስትል ወደ ጋቢናው ጮኸች።

ሞተሩ ሲነሳ ፓምፑ ማላዘን ጀመረ። ከዘይት ጋኑ ወደ ፓምፑ የሚሄደው ወፍራም ቱቦ፣ ጭማቂ በስትሮ እንደሚመጥ ልጅ ጉንጭ ወደ ውስጥ ገባ። እንግዲያው ፓምፑ የሚጮኸው ዘይት አልደርስ ብሎት ነው፤ መንገዱን የዘጋበት ነገር አለ።

ሞተሩን አስጠፍታ ቱቦውን ፈታች። ዘይቱ ክንዷ ላይ እየፈሰሰ ጣቷን ሰደደች፤ ጨርቅ ጎትታ አወጣች። ሰማያዊ ነው፣ ከአባቷ አሮጌ ቱታ የተቀደደ። ፊልትሮ በቀየረ ቁጥር ዘይት እንዳይፈስበት የቱቦውን አፍ በጨርቅ ይወትፋል። ባለፈው ሳምንት ይህን ትራክተር ሲሠራ ጨርቁን ሳያወጣ ገጥሞታል ማለት ነው።

አባቷ ጨርቁን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። «አምጪው» አለ በሹክሹክታ። «ጠግነነዋል እንላለን፣ ያልቃል።»

«ጋሼስ?»

«ሌላ ሥራ አያጡም። የኔ ስም ከጠፋ ግን ማን ትራክተር ያመጣልኛል?»

«እየፎገርከኝ ነው? በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ነው?»

«ድምፅሽን ቀንሺ!»

ጨርቁን አልሰጠችውም። ተሳስቶ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይቅር ትለው ነበር። ጨርቅ ማንም ይረሳል። አሁን ግን እያወቀ ሊደብቅ ነው፤ ለዚያም ነው መሬት መሬቱን የሚያየው። ማሽን ማዳመጥ ያስተማራት፣ ጎረቤት ሁሉ «የዶክተሩ ልጅ» ሲላት የምትኮራበት አባቷ ይኸው ነው።

ባለቤቱ ስልኩን ጨርሶ ተመለሰና መዳፉን ዘረጋ። ሾፌሩ አሮጌ ጃኬታቸውን ክንዳቸው ላይ ጥለው፣ ቁልፉን ይዘው ከጋቢናው ወረዱ።

ልጅቷ መካከላቸው ገባች።

«ጋሼ፣ ቁልፉን አይስጡ።» ወደ አባቷ ዞረች። «አባቴ የሚናገረው ነገር አለ።»

ዘይት የሚንጠባጠበውን ጨርቅ አባቷ እጅ ላይ አኖረችና እስኪናገር ጠበቀች።